የቃላት ጋብቻ በኖርዌይኛ

በኖርዌይ አገር አንድ ሉካንዳ ቤት በሰሌዳው ላይ «ላመሎር» ብሎ ቢጽፍ፣ ገዢው የበግ ታፋ መኖሩን ይረዳል። ነገር ግን ቃሉን ከሁለት ከፍሎ «ላመ ሎር» ብሎ የጻፈው እንደ ሆነ፣ ትርጉሙ «ሽባ የሆኑ ጭኖች» ይሆንና መንገደኛውን ሁሉ ያስቀዋል። ከፊደሉ አንድም አልተጨመረ፣ አንድም አልተቀነሰ፤ የገባው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ምስጢሩ ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው። ኖርዌይኛ ሁለት ቃላት አጋጥሞ አንድ ስም ሲያወጣ፣ ዋናው የድምፅ ኃይል በፊተኛው ቃል ላይ ያርፋል፤ ኋለኛው ለዘብ ብሎ ይከተላል። ተለያይተው ሲነገሩ ግን ኋለኛውም የራሱን ኃይል ያገኛል። እንግዲህ ቃሉን ገጥሞ መጻፍ አፍ የሚለውን ለዓይን ማሳየት ነው። ፊተኛው ኃይሉን ቢወስድም ዋናው ትርጉምና ጾታው የኋለኛው ነው፤ «ላመሎር» የታፋ ዓይነት እንጂ የበግ ዓይነት አይደለምና።

ይሁን እንጂ ኃይሉ ሁልጊዜ በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ይወድቃል ማለት አይደለም። ሙዚቃ ማለት የሆነው «ሙሲክ» ኃይሉ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ጓድ ከሚባለው «ኮርፕስ» ጋር ሲጋጠምም ያንኑ አይለቅም። በኖርዌይ አጻጻፍ «ሙሲክ» በሁለት «ክ» ይጨርሳል፣ «ኮርፕስ» በ«ክ» ይጀምራል። ሦስት ተመሳሳይ ፊደል ተከታትሎ ስለማይጻፍ አንዱ ይወድቃል፤ ቃሉ በመሥመር መጨረሻ ሲከፈል ግን የወደቀው ተመልሶ ሦስቱም ይጻፋሉ።

የመሥመር መክፈያውም ይኸው መጋጠሚያ ነው። «አርባይድ» ሥራ፣ «ፕላስ» ቦታ ነው፤ በመካከል አያያዥ «ስ» ይገባና «አርባይድስፕላስ»፣ የሥራ ቦታ፣ ይሆናል። ሲከፈል «ስ» ከፊተኛው ጋር ይቀራል፤ «አርባይድስ» ከላይ፣ «ፕላስ» ከታች።

የአገሩ ተወላጆችም እንኳ ብዙ ጊዜ ገጥመው መጻፍ የሚገባቸውን ይለያያሉ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ተጽዕኖ ነው ይባላል። ስሕተቱ ሁልጊዜ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። «ሮይክፍሪት» ተገጥሞ ሲጻፍ በዚህ ስፍራ አይጨስም ማለት ነው፤ «ሮይክ ፍሪት» ተብሎ ከተለያየ ግን «እንደ ልብህ አጭስ» ይሆናል። ክልከላው ፈቃድ ሆነ ማለት ነው።

የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ለይቶ እንደማያሳይ፣ የነሱም የድምፅን ኃይል አያሳይም። ስለዚህ ኖርዌይኛ የሚማር ሰው ረዥም ቃል ሲገጥመው አይደንግጥ፤ አስቀድሞ መጋጠሚያውን ይፈልግ፣ ቀጥሎ ፊተኛውን አጉልቶ ያንብብ።