የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ሲሞሉ የቁልፍ ሰሌዳው ትኩረት የት እንዳለ ያረጋግጡ

በመንጌ ወረዳም ሆነ በአሶሳ ከተማ የአገልግሎት ማመልከቻን በኮምፒውተር የሚሞላ ተገልጋይ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በተለያዩ ሳጥኖች ሊጽፍ ይችላል። የሚጻፈው ፊደል የሚገባው ግን በወቅቱ የቁልፍ ሰሌዳው ትኩረት ባረፈበት ሳጥን ብቻ ነው። ይህም ብልጭ ድርግም በሚል ጠቋሚ ወይም በሳጥኑ ዙሪያ በሚታይ ደማቅ መስመር ይታወቃል። ትኩረቱ ሳይዛወር መጻፍ ከተቀጠለ የአባት ስም በአመልካቹ ስም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ መረጃውም ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ላይጣጣም ይችላል።

ስለሆነም፡-
• ወደ ቀጣዩ ሳጥን ለመሄድ የታብ ቁልፍን ይጫኑ፤
• ወደ ኋላ ለመመለስ ሺፍትን እንደያዙ ታብን ይጫኑ፤
• ቅጹን ከመላክዎ በፊት እያንዳንዱን ሳጥን መልሰው ያንብቡ።

ጉዳዩ ማውዝ መጠቀም ለማይችሉና በስክሪን አንባቢ ለሚገለገሉ ዐይነ ስውራን ይበልጥ ወሳኝ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 የመረጃ ቴክኖሎጂ ተደራሽ እንዲሆን ይደነግጋል። በመሆኑም ቅጽ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ትኩረቱ የንባቡን ቅደም ተከተል እንዲከተል፣ ስህተት ሲኖርም ስህተቱ ወዳለበት ሳጥን እንዲመለስ፣ ተገልጋዩ ሳያዝም ወደ ሌላ ገጽ እንዳይዘል ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።