ከዓሣ ገንዳው ወደ ግድግዳው፦ በቤት ውስጥ ስለሚከማች እርጥበት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የገዛ ቤቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ቤታችን ፀሐይ በማያገኘው የሳሎን ግድግዳ ላይ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ መጻሕፍት ሽፋናቸው ተላጠ፤ ታናሿ ልጄም ሌሊት ሌሊት ታስል ጀመር። እኔም ሳልመረምር ጥፋቱን ከበላያችን በሚኖሩት አዛውንት ጎረቤታችን መታጠቢያ ቤት ላይ ጣልሁ። በእኔ ጉትጎታ ወለላቸው ተቆፈረ፤ ቧንቧው ግን ምንም አላፈሰሰም ነበር። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ውሃው ከእኔ ዘንድ አለመሆኑን አይተሃል፤ እንግዲህ ከየት እንደሚመጣ አንተው ንገረኝ፤ አስተማሪ አይደለህም ወይ?» አሉኝ።

በሳሎናችን ጥግ 1 ሜትር ርዝመትና 40 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ ክዳን የሌለው የዓሣ ገንዳ ነበረን። በየጊዜው ውሃ ስጨምርበት፣ የጎደለው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። በመስታወቱ ላይ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጌ ለ8 ቀናት ሳልጨምር ተውሁት፤ 2 ሳንቲ ሜትር ጎደለ። የውሃው ገጽ ስፋት 0.4 ካሬ ሜትር ስለሆነ የጎደለው 8 ሊትር፣ ማለትም በቀን 1 ሊትር ነው። የገንዳው ሥር ደረቅ ነበርና ውሃው የሄደው ወደ አየር ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በትንፋሹና በላቡ በቀን የሚሰጠው ውሃ ወደዚሁ ይጠጋል። ስለዚህ በሳሎናችን ሌት ተቀን የማይወጣ አንድ ተጨማሪ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው።

1 ሊትር ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በ18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊኖረው የሚችለው የውሃ ተን ከ15 ግራም እምብዛም አይበልጥም። 40 ሜትር ኩብ የሆነ ክፍል እንግዲህ ጢም ብሎ ቢሞላ 600 ግራም ያህል ይይዛል። አየሩ ካልተለወጠ ትርፉ ቀዝቃዛ ገጽ ፈልጎ ጤዛ ይሆናል። አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ የሆነ የ18 ዲግሪ አየር፣ 10 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ መስታወት ሲነካ ጤዛ መቋጠር ይጀምራል። ሻጋታ ግን ጠብታ እንኳ አይጠብቅም፤ ከግድግዳው ጋር የተጠጋው አየር እርጥበት ለረጅም ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትንና ሻጋታን ከመተንፈሻ አካላት ሕመምና ከአስም ጋር አያይዟል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናስበው መስኮት መክፈትን ነው። በበጋ፣ የውጭው አየር ደረቅ ስለሆነ፣ ይህ ግሩም ዘዴ ነው። በክረምት ግን ወሰን አለው፤ 10 ዲግሪ የሆነና በእርጥበት የተሞላ የሌሊት አየር ወደ ቤት ገብቶ እስከ 18 ዲግሪ ቢሞቅ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 60 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መስኮት መክፈቱ ሳይቀር፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምንጩ ነው።

የምንጩ መድኃኒት ክዳን ነው። መስታወት ቆራጭ ዘንድ በልክ ተቆርጦ ይገኛል። ተኑ ከክዳኑ ሥር ጤዛ ሆኖ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ለዓሦቹ አየርና ለሽቦዎቹ ማለፊያ ጠባብ ክፍተት መተው ግን ግድ ነው። ክዳኑ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል፤ 1 ሊትር ውሃ ሲተን 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳልና፣ የገንዳው ማሞቂያ ይህን ለመተካት ይደክማል። ውሃውንም ዓሦቹ ከሚፈልጉት በላይ አለማሞቅ፣ የሚረጭ ፏፏቴን መቀነስ፣ መደርደሪያን ከውጭ ግድግዳ ጥቂት ማራቅ ይረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ክፍሉን ለማድረቅ ብላችሁ በተዘጋ ቤት ከሰል አታቀጣጥሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ይገድላል።

ክዳኑን ካስገባሁ በኋላ በነበሩት 8 ቀናት ውሃው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አልጎደለም። ሻጋታውን አጸዳን፤ በቀጣዩ ክረምትም አልተመለሰም። የልጄ ሳል መንስኤው ይህ ብቻ ነበር ብዬ አልምልም፤ ሳሉ ግን ቀርቷል። ለጎረቤታችን የወለሉን ወጪ ከፈልሁ፤ ገንዳውን አሳይቼም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከእርሳቸው ቧንቧ ይልቅ በራሴ ሳሎን ባለው ውሃ ብጀምር ኖሮ፣ የሚያስፈልገኝ አንድ ምልክትና የ8 ቀን ትዕግሥት ብቻ ነበር።