እጅ መሪው ላይ መኖሩን መኪናው እንዴት ያውቃል?

ሹፌርን የሚያግዙ ዘመናዊ የመኪና ሥርዓቶች መንገዱን በካሜራና በራዳር እያዩ ፍጥነት ይመጥናሉ፤ ከፊት ካለው መኪና ርቀት ይጠብቃሉ፤ መሪውንም በትንሽ በትንሹ እያዞሩ መኪናውን በሁለት የቀለም መስመሮች መካከል ያቆያሉ። ኃላፊነቱን ግን አይወስዱም። ኤስኤኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር አውቶማቲክ አነዳድን ከ0 እስከ 5 ባሉ ስድስት ደረጃዎች ሲከፍል እንዲህ ያሉትን ያስቀመጣቸው በደረጃ 2 ነው። በዚህ ደረጃ መኪናው ያግዛል እንጂ አይነዳም። ስለዚህ ሥርዓቱ ከመንገዱ ሌላ ሹፌሩንም መጠበቅ አለበት፤ በመጀመሪያ የሚያጣራውም እጁ መሪው ላይ መኖር አለመኖሩን ነው።

በኢትዮጵያ ረጅም መንገዶች ይህን ጥበቃ ሲሠራ የኖረው ረዳቱ ነው። ከወልድያ ተነስቶ ድልብን ሽቅብ ወጥቶ በጋሸና፣ በፍላቂትና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀውን፣ አገሬው «የቻይና መንገድ» የሚለውን ጎዳና በሌሊት የሚያቋርጥ የጭነት መኪና ረዳት ሥራው ሸራ ማሰርና ጎማ መፈተሽ ብቻ አይደለም። የሹፌሩ መልስ ሲያጥር፣ ድምፁ ሲጎተት፣ ጨዋታ ያመጣል፤ ውኃ ያቀብላል፤ ካልሆነም «ትንሽ አረፍ እንበል» ይላል። ማሽን ከሰው ድምፅ ይህን ማንበብ ይከብደዋል። ስለዚህ ምልክቱን ከእጅና ከዓይን ይፈልጋል።

ጥበቃው ያስፈለገው ሹፌሮች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። የሰው አእምሮ ሌላው የሚሠራውን ሥራ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ መከታተል ስለማይችል ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን እየዘለለ በሚዞር የሰዓት ዘንግ ፊት አስቀምጦ፣ ዘንጉ አልፎ አልፎ እጥፍ ሲዘል እንዲናገሩ አደረገ። ግማሽ ሰዓት ገደማ እንዳለፈ የሚያመልጣቸው ዝላይ ጎልቶ ጨመረ። ጥናቱ የተነሣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራዳር መስኮት ሲመለከቱ ከሚውሉ ሠራተኞች ችግር ነበር። መሪው በራሱ ሲዞር የሚመለከት ሹፌርም ከእነሱ አይለይም።

እጅን የመለየቱ የቆየውና በብዙ መኪኖች የሚገኘው ዘዴ የማዞር ኃይልን መለካት ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መሪ ከሥሩ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ አለው። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር ጎማው በመንገዱ ተይዞ ስለሚቆይ፣ ዘንጉ በላይኛውና በታችኛው ጫፉ መካከል በጥቂቱ ይጠመዘዛል። ሴንሰሩ ያችን ጥምዝታ ለክቶ ሞተሩ ምን ያህል ማገዝ እንዳለበት ይነግረዋል። ክፍሉ የተሠራው መሪን ለማቅለል ነው፤ እጅ ለመጠበቅ የዋለው በኋላ ነው። ዘዴው ተጨማሪ ዕቃ ስለማይጠይቅ ርካሽ ነው፤ ብዙ ፋብሪካዎች የመረጡትም ለዚህ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሞተሩ መኪናውን በመስመሩ ለማቆየት ዘንጉን ከታች ሲያዞረው፣ ማንም ያልያዘው መሪ ያለ ተቃውሞ አብሮት ይዞራል፤ ዘንጉም እምብዛም አይጠመዘዝም። እጅ ካለበት ግን የክንዱ ክብደት ይጎትተዋል፤ ጡንቻውም ሳያስበው ትንሽ ይመልሰዋል። ልዩነቱ ጥቂት ቢሆንም ይለካል። ከመሪው መሐል 18 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጠርዙ ላይ የሚያርፍ የግማሽ ኪሎ ክብደት 0.9 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ኃይል ይሰጣል፤ ሴንሰሩም ይህን በቀላሉ ያያል።

የዘዴው ድክመትም እዚሁ ላይ ነው። ሁለት እጆች ግራና ቀኝ እኩል ቢያርፉ ክብደታቸው እርስ በርሱ ይጣፋል። መሪውን በትክክል የያዘ ጠንቃቃ ሹፌርም «እጅህን መሪው ላይ አድርግ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። በተቃራኒው አንድ ግዑዝ ክብደት እጅ መስሎ ሊያታልል ይችላል። በአሜሪካ ለዚሁ ማታለያ የተሠራ ዕቃ ገበያ ላይ ውሎ ስለነበር የአገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ሽያጩ እንዲቆም አዘዘ። ጎርበጥባጣ መንገድም ሴንሰሩን ያምታታዋል፤ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ዘንጉን የሚጠመዝዘው መንገዱ ራሱ ነውና፣ ኮምፒውተሩ የጉድጓዱን ንዝረት ከእጅ ጉተታ መለየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ዘዴ የንክኪ ነው። ከመሪው ቆዳ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ንጣፍ ይጠቀለላል። የሰው አካል ውኃና ጨው ስላለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፤ እጅ ሲቀርብ የንጣፉ ቻርጅ የመያዝ ዐቅም ይጨምራል። የስልክ መስታወት ጣትን የሚያውቀው በዚሁ መርሕ ነው። ይህ ዘዴ ጉተታ አይፈልግም፤ ጣት ማረፉ ብቻ ይበቃዋል። ንጣፉ በክፍል በክፍል ከተሠራም አንድ እጅ ይሁን ሁለት፣ ከፊት ይሁን ከኋላ ይለያል። በመቄትና በላስታ ደጋ የማለዳ ብርድ ወፍራም የሱፍ ጓንት ያጠለቀ ሹፌር ግን ምልክቱን ያዳክመዋል፤ በጣትና በንጣፉ መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር የሚለካው ለውጥ ያንሳልና።

ሁለቱም ዘዴዎች የጋራ ጉድለት አላቸው፤ እጁን እንጂ ሐሳቡን አያዩም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በአሜሪካ ፍሎሪዳ አንድ የቴስላ መኪና መንገድ ከሚያቋርጥ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሹፌሩ ሞተ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመኪናውን መዝገብ ሲመረምር፣ አጋዡ ሥርዓት በሠራባቸው 37 ደቂቃዎች ውስጥ እጅ በመሪው ላይ የተገኘው ለ25 ሰከንድ ብቻ ነበር። ቦርዱ የመሪን ጉተታ መለካት ሹፌሩ ልቡ መንገዱ ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቁ ዘዴ አይደለም ሲል ደመደመ። ይህ ፍርድ ትክክል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ለውጥም ያረጋግጠዋል።

ለውጡ ወደ ሹፌሩ ፊት የዞረ ካሜራ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2017 በካዲላክ መኪናው ያስተዋወቀው ሥርዓት እጅን ከመሪ ማንሳትን ፈቀደ፤ በምትኩ ዓይን ከመንገድ እንዳይነሳ በካሜራ ይጠብቃል። ቴስላም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የውስጥ ካሜራውን ለዚሁ ሥራ አውሏል። እንዲህ ያለው ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚያበራ በጨለማም ይሠራል። ይህ ብርሃን ለአፍሪካ ሹፌሮች አንድ ጥቅም አለው፤ የቆዳን ቀለም የሚያጠቁረው ሜላኒን ኢንፍራሬድን የሚውጠው ከሚታየው ብርሃን ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ በቀለም ምክንያት የሚመጣው የምስል ልዩነት ይጠብባል። ኮምፒውተሩ የጭንቅላትን አቅጣጫ፣ የዓይን ብሌን የሚያተኩርበትንና የዓይን ቆብ አከዳደንን ያነባል። ቆቡ ብሌኑን ከሞላ ጎደል ከድኖ የሚቆይበት ጊዜ ከረዘመ ድካም መጥቷል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው በደረጃ ይመጣል። የተባበሩት መንግሥታት የመሪ ደንብ ቁጥር 79 እንደሚያዘው፣ መኪናውን በመስመር የሚያቆይ ሥርዓት እጅ ካጣ ቢበዛ በ15 ሰከንድ ውስጥ በዳሽቦርዱ ላይ የእጅና የመሪ ሥዕል ማሳየት አለበት። እጅ ሳይመለስ 30 ሰከንድ ከሞላ ሥዕሉ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ድምፅም ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ሰከንዶች መልስ ከሌለ ሥርዓቱ በልዩ የአደጋ ድምፅ አስታውቆ ይጠፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ብቻ ከ330 ሜትር በላይ ይጓዛል።

ይህ ርቀት እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ብዙም አያስፈራም፤ መስመሩ የተሰመረ፣ ግራና ቀኙ የታጠረ፣ ኩርባውም የሰፋ ነው። የቻይናው መንገድ ሌላ ነው። ፍላቂት አካባቢ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ በክረምት ጭጋግ ይወርዳል፤ በገበያ ቀን በጎችና አህዮች ከነባለቤቶቻቸው አስፋልቱን ይጋራሉ። መስመሩ በጭቃ ሲሸፈን ወይም ሲደበዝዝ ካሜራው የሚይዘው ያጣል። ሥርዓቱም ራሱን ያሰናብታል፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የአንዲት ትንሽ ሥዕል ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ መለወጥ ብቻ ነው። ኩርባውም ከዐቅሙ በላይ ነው። ደንብ 79 ሥርዓቱ መኪናውን ወደ ጎን የሚስብበትን ፍጥንጥነት በ3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይገድበዋል። ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ እጥፋት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚታጠፍ መኪና ከ6 በላይ ይፈልጋል። እንዲህ ባለው ቦታ መሪውን የሚያዞረው የሰው እጅ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች በርክተዋል፤ አብዛኞቹም የሚመጡት ከቻይና ነው። ከነዚህ ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጽሑፋቸውም የድምፅ ማስጠንቀቂያቸውም ቻይንኛ ነው። «እጅህን መሪው ላይ አድርግ» የሚለው መልእክት ሹፌሩ በማያውቀው ቋንቋ ከመጣ ከጩኸት አይለይም። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ወደ ድልብ ዳገት ከመውጣቱ በፊት የመሪና የእጅ ሥዕሉን፣ አረንጓዴና ግራጫውን ምልክት፣ የማስጠንቀቂያውንም ድምፅ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየነዳ ለይቶ ይወቅ፤ ሥርዓቱ የሚጠፋበትን ቁልፍም ያግኝ፤ ከድልብ ጀምሮም አጥፍቶት ይንዳ።