በተከፈተ ፓራሹት ስር የሚመጣው አደጋ

በፓራሹት ዘሎ ሰው ሞተ ሲባል ሰሚው ወዲያው የሚጠይቀው «አልከፈት ብሎት ነው?» ብሎ ነው። ዛሬ ግን በስፖርት ዝላይ ከሚደርሰው ሞትና ከባድ ጉዳት ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ሌላ ነው። ፓራሹቱ ያለ አንዳች እንከን ተከፍቷል፣ ገመዶቹ አልተጠላለፉም፣ ዘላዩም ጤነኛና ንቁ ነው። አደጋው የሚመጣው ለመሬት ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት፣ ዘላዩ ራሱ በሚያደርገው አንድ እንቅስቃሴ ነው።

ስፖርቱ በጥቅሉ ሲታይ ከቀድሞው እጅግ ደህና ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በአማካይ በዓመት ከ40 በላይ ዘላዮች ይሞቱ ነበር። የአገሪቱ የፓራሹት ማኅበር ለ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቁጥር ግን 3.65 ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ ዝላዮች 10 ሞት ነው። ትጥቁ ተሻሽሏል፣ ሥልጠናውም እንዲሁ። ታዲያ የትጥቅ መሻሻል ያልነካው ይህ የመጨረሻ ሰከንድ አደጋ ከየት መጣ? መልሱ ያለው ፓራሹት ራሱ በተለወጠበት መንገድ ውስጥ ነው።

ፈረንሳዊው አንድሬ ዣክ ጋርነሪን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1797 ፓሪስ ላይ ከፊኛ ተለይቶ በሐር ጨርቅ ሲወርድ፣ ጨርቁ ያደረገው አየርን አፍኖ መያዝ ብቻ ነበር። የታፈነው አየር አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጠርዝ እያመለጠ ሰውየውን ክፉኛ ሲያወዛውዘው ወረደ። በኋላ አናቱ ላይ ቀዳዳ ሲበጅለት ውዝዋዜው ረገበ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ከ150 ዓመት በላይ ፓራሹት ክብ ጃንጥላ እንደሆነ ቆየ። ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል፣ መሬትም በቁልቁል ፍጥነቱ ይመታል። ወታደራዊ አየር ወለዶች በጅምላ ሲዘሉ አሁንም በአብዛኛው የሚጠቀሙት ይህንኑ ክብ ዓይነት ነው።

ለውጡን ያመጣው አሜሪካዊው የካይት ፈልሳፊ ዶሚና ጃልበርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሥራ ሁለት ጨርቆች ከላይና ከታች ተዘርግተው በመካከላቸው በጨርቅ ግድግዳ የተከፋፈሉበት ነው። የዛሬዎቹ በአብዛኛው ሰባት ወይም ዘጠኝ ክፍል አላቸው። ፊት ለፊት ክፍት፣ ከኋላ የተሰፋ በመሆኑ ወደፊት ሲጓዝ የሚገባው አየር መውጫ አጥቶ ግፊት ይፈጥራል፣ ልፍስፍሱን ናይለንም አደንድኖ የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ያስይዘዋል። ብረትም እንጨትም የለውም፤ ቀጥ አድርጎ የያዘው አየር ብቻ ነው። ይህ ክንፍ አንድ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሜትር ተኩልና ከዚያም በላይ ወደፊት ይጓዛል። ጀማሪ የሚይዘው ትልቁ እንኳ ነፋስ በሌለበት በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይበራል። ስለዚህ የዘመኑ ዘላይ ክንፍ አብራሪ ነው፤ ሞተር ስለሌለውም ማረፊያውን ከሳተ ዞሮ የመሞከር ዕድል የለውም።

ከ4,000 ሜትር ገደማ የዘለለ ሰው በሆዱ ተዘርግቶ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ፍጥነት ለአንድ ደቂቃ ያህል ይወድቃል። ከዚያ ትንሿን ጎታች ፓራሹት ወደ ነፋሱ ይለቃታል፣ እሷም ዋናውን ከጀርባው ትመዝዘዋለች። ክንፉ ባንዴ ቢከፈት ሰውነትን ይጎዳ ነበርና በአራት ማዕዘኑ ቀለበት ያለው ቁራጭ ጨርቅ በገመዶቹ ላይ ቀስ እያለ እየተንሸራተተ መከፈቱን ያዘገየዋል። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ክፍል ነው። እኔ ግን ሊተኮርበት የሚገባው ከዚህ በኋላ ያለው ነው እላለሁ።

ዘላዩ ከራሱ ግራና ቀኝ ሁለት መሪ ገመዶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው የክንፉን የኋላ ጠርዝ በየጎናቸው ወደታች ይስባሉ። አንዱን ሲስብ ክንፉ ወደዚያው ያዘነብላል፣ ይዞራልም። ሁለቱን እኩል ሲስብ ደግሞ ፍሬን ያዘ ማለት ነው። ክንፉ ፍጥነቱ ሲቀንስ ከስሩ የተንጠለጠለው ሰው በያዘው ፍጥነት ወደፊት ይወዛወዛል፣ የክንፉ አፍንጫ ቀና ይላል፣ አንሺ ኃይሉም ለጥቂት ሰከንድ ይጨምራል። ይህ በትክክለኛው ሰዓት ከተደረገ ሰውየው ቆሞ ያርፋል። ከፍ ብሎ ከተደረገ ክንፉ ፍጥነቱን ጨርሶ ሰውየውን ይጥለዋል፤ ከዘገየም እግር ይሰብራል።

የዘላዮች ትልቁ ክርክር የክንፍ መጠን ነው። መለኪያው የክንፍ ጫና ይባላል፤ ሰውየው ከነሙሉ ትጥቁ ያለው ክብደት ለክንፉ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዘላዮች የሚያሰሉት በፓውንድና በካሬ ጫማ ሲሆን ለጀማሪ አንድ ወይም ከዚያ በታች ይመከራል፤ በእኛ መለኪያ ለአንድ ካሬ ሜትር አምስት ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ከነትጥቁ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 18.5 ካሬ ሜትር ከሚሆን ክንፍ ወደ 12.5 ካሬ ሜትር ቢወርድ የክንፍ ጫናው ወደ 50 በመቶ ይጨምራል። ፍጥነት ከጫናው ካሬ ሥር ጋር ስለሚያድግ ፍጥነቱ የሚጨምረው ከ20 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ይህ ቀላል ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። መሬት ሲመታ አጥንቱ የሚቀበለው ጉልበት ከቀድሞው አንድ ጊዜ ተኩል ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያዘናጋ መከራከሪያ ይሰማል። «የኔ የክንፍ ጫና ካንተ እኩል ነው፤ ክንፌ ትንሽ ቢሆን ምን ችግር አለው?» ቀለል ያለ ክብደት ያላቸው ዘላዮች በዚህ አባባል ቶሎ ወደ ትንሽ ክንፍ ይገፋሉ። ጫናው እኩል ቢሆንም ትንሽ ክንፍ ገመዱ አጭር ነው። አናጢ ቱንቢውን በአጭር ገመድ ቢያንጠለጥለው ቶሎ ቶሎ፣ በረጅም ቢያንጠለጥለው ቀስ እያለ እንደሚወዛወዝ፣ በአጭር ገመድ የተንጠለጠለ ዘላይም ለትንሿ ስበት ፈጥኖ ያዘነብላል፣ ፈጥኖም ወደ ቁልቁለት ይገባል። በድንጋጤ የተሳበ መሪ ገመድ በትልቁ ክንፍ ላይ መንገድ ያስቀይር ይሆናል፤ በትንሹ ላይ ግን ክንፉን በጎኑ ሊያስተኛው ይችላል። ስለዚህ ጫናው ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። በክርክሩ ውስጥ እኔ የምቆመው ትልቅ ክንፍ ይዘው ይቆዩ ከሚሉት ጋር ነው።

ገዳዩ ስህተት ከመሬት አጠገብ በኃይል መዞር ነው። ክንፍ ሲያዘነብል አንሺ ኃይሉም አብሮ ያዘነብላል፤ ሰውየውን ወደላይ የሚይዘው ግን ቀጥታ ሽቅብ ያለው ክፍል ብቻ ነው። 60 ዲግሪ ያዘነበለ ክንፍ ከአንሺ ኃይሉ ወደላይ የሚቀርለት ግማሹ ነው። ዘላዩ ወደ ውጭ ይወነጨፋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከፍታውም ይበላል። የከፋው ደግሞ ገመዱን ከለቀቀ በኋላ ያለው ነው። ክንፉ ወዲያው ቀጥ አይልም፤ ተምዘግዝጎ ወርዶ ነው ቀስ በቀስ የሚቃናው። ለዚያ የሚበቃ ከፍታ ከሌለ መሬት ይቀድመዋል። ብዙዎች እንዲህ የሚዞሩት ሽቦ ወይም አጥር ድንገት ሲያዩ፣ ወይም ነፋስን ፊት ለፊት ይዘው ለማረፍ በመጨረሻ ሰዓት ሲሞክሩ ነው። ከጀርባ በመጣ ነፋስ ቀጥ ብሎ አርፎ መንከባለል ጉልበትን ይልጥ ይሆናል፤ በኃይል መዞር ግን ነፍስ ያሳጣል። መዞር የግድ ሲሆን ሁለቱንም ገመድ እስከ ግማሽ ስቦ፣ ከዚያ አንዱን ትንሽ በማስበለጥ ክንፉ ብዙም ሳያዘነብል መዞር ይቻላል። ይህ ግን ከፍ ብሎ ደጋግሞ መለማመድን ይጠይቃል።

የልምድ ባለቤቶች ያንኑ ጠልቆ መውረድ ሆን ብለው ያደርጉታል። በትንንሽ ክንፎች በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ፈጥነው የውሃ ወለል እየታከኩ የሚወዳደሩ አሉ። ውበቱ አይካድም። እዚያ የሚደረሰው ግን በብዙ መቶ ዝላዮችና በአሰልጣኝ ዓይን ስር ነው፤ በቪዲዮ ያየውን የሚሞክር ጀማሪ ይህ ሁሉ የለውም።

የማረፊያ ፍጥነትን የሚጨምረው ስስ አየር ደግሞ ለደጋ አገር ሰው ቅርብ ጉዳይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ ከባሕር ዳርቻው 80 በመቶ ገደማ ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ 3,800 ሜትር ማኮብኮቢያ ያስፈለገው አንዱ ምክንያት አውሮፕላኑ በስስ አየር ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ስለሚሻ ነው። ለፓራሹትም ሕጉ አይለወጥም። በዚህ ከፍታ ያው ክንፍ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይበራል፣ የማረፊያው ጉልበትም በሩብ ይጨምራል። ቢሾፍቱ ላይ በክብ ጃንጥላ የሚወርድ አየር ወለድም ከባሕር ዳርቻ ጓደኛው 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሬት ይደርሳል። ሙቀትም አየርን ያሳሳል። ዱባይ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ሆኖም በ40 ዲግሪ ሙቀት አየሯ ከመደበኛው 8 በመቶ ያህል ይሳሳል።

መሣሪያዎች ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ጀርመናዊው ሄልሙት ክሎት እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ሳይፕረስ የተባለ መሣሪያ ከፍታንና ፍጥነትን ይለካል። ዘላዩ 225 ሜትር አካባቢ ደርሶ አሁንም በሰዓት ከ126 ኪሎ ሜትር በላይ እየወደቀ ከሆነ የመጠባበቂያ ፓራሹቱን ማሰሪያ ቆርጦ ይከፍትለታል። ዋናው ፓራሹት ተበላሽቶ ሲጣል መጠባበቂያውን ወዲያው የሚስብ ማሰሪያም አለ። አንዳንዶች እየተሽከረከሩ ሳለ መጠባበቂያው ቢከፈት ገመዱ ይጠማዘዛል ብለው ይቃወሙታል። ሥጋቱ እውነት አለው፤ ሆኖም ለጀማሪ ከተጠማዘዘ ገመድ ይልቅ የሚያሰጋው መጠባበቂያውን ሳይስብ ከፍታ መጨረስ ስለሆነ ማሰሪያው ሊኖር ይገባል።

ይሁንና ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም ዝቅ ብሎ የዞረን ሰው አያድንም። ፓራሹቱ ተከፍቷልና የሚከፍቱት ነገር የለም፣ ከፍታውም አልቋል። ዋናውን ፓራሹት ባንድ ስበት ለመጣል የሚያስችለውን ባለሦስት ቀለበት ማያያዣ የፈለሰፈው ቢል ቡዝ፣ ትጥቅ በተሻሻለ ቁጥር ዘላዮች የሚወስዱት አደጋም አብሮ እንደሚያድግ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ክንፎቹ እያነሱ የመጡበት ታሪክ ሰውየው ልክ እንደነበር ያሳያል።

ስለዚህ ዝላይ የምትማሩ ወይም ልትማሩ የምታስቡ ሁሉ፣ ክንፍ ከመግዛታችሁ በፊት ከነሙሉ ትጥቃችሁ ተመዘኑና የክንፍ ጫናችሁን ራሳችሁ አስሉ፤ የሻጭም የጓደኛም አድናቆት አይተካውም። የማረፊያ መስመራችሁን ከመዝለላችሁ በፊት ወስኑ። ከዛፍና ከሕንፃ ጀርባ ያለውን አየር ራቁ፤ ነፋስ ሲኖር ሁከቱ እስከ ከፍታቸው 20 እጥፍ ርቀት ሊደርስ ይችላል። ያሰባችሁበት ቦታ መድረስ ካቃታችሁ ያላችሁበት ሜዳ ይበቃል፤ ክንፋችሁን አግድም ይዛችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ፣ ሁለቱንም ገመድ እኩል ስባችሁ፣ እግራችሁን ገጥማችሁ እረፉ።