የጢስ ምድጃ በበረዶ ወራት

በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች፣ ለምሳሌ በሚኒሶታ፣ በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሆኖም በደጅ ሥጋን በጢስ ማብሰል አይቀርም። ለዚህ ከሚያገለግሉት ምድጃዎች አንዱ ከሰጋቱራ ተጨምቀው የተሠሩ የእንጨት እንክብሎችን የሚያነድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ዘንግ እንክብሉን ጥቂት በጥቂት ወደ እሳቱ ይገፋል፤ ማራገቢያውም ሙቀቱንና ጢሱን ያሰራጫል።

ብርድ በዚህ ምድጃ ላይ ምን ያደርጋል? እሳቱን አያጠፋም፤ ሙቀቱን ግን ይሰርቃል። ግድግዳው ስስ ብረት ስለሆነ ሙቀት በቶሎ ያመልጣል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ብክነቱ ይብሳል። ስለዚህ ምድጃው ብዙ እንክብል ይፈጃል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥርም የተጠራቀመው ሙቀት ይበተናል። እንክብሉን በረዶ ቀልጦ ቢያርሰው ደግሞ አብጦ ይፈርሳል፤ ዘንጉንም ይቀረቅረዋል።

ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው ቅርብ ነው። ምድጃውን ከነፋስ ከልሉት፤ ለእርሱ የተሠራ፣ እሳት የማይበላው መሸፈኛ አልብሱት፤ ሥጋው ከመግባቱ በፊት በሚገባ አሙቁት፤ እንክብሉን በደረቅ ስፍራ አኑሩ። የሥጋውን መብሰል በሰዓት ሳይሆን በቴርሞሜትር ለዩ፤ የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አስተውሉ። ብርዱን በመሸሽ ምድጃውን ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ ማስገባት ሕይወት ያስከፍላል። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በሩ ቢከፈትም እንኳ ሊገድል ይችላል። በአገራችንም በዝግ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። ስለዚህ ብርዱ የቱንም ያህል ቢጸና፣ ምድጃው ከቤት ርቆ በደጅ ይቁም።