የጨቅላ ሕፃናት ነርስ በድኅረ ምረቃ ደረጃ ስለሚሠለጥንበት መንገድ
ከድሬዳዋ ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ የቀረበ ማብራሪያ

በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 166 ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ይኸው ቁጥር ወደ 67 ወርዶ ተገኝቷል። በአንጻሩ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት በዚያው ዘመን ከ49 ወደ 29 ብቻ ዝቅ ብለዋል። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ የሚያሰላ ሰው እንደሚረዳው፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሚደርሰው ሞት የጨቅላዎቹ ድርሻ ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ከመቶ 43 ደርሷል ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አነስተኛ ጥናትም የጨቅላዎቹ ሞት ከዚህ አለመውረዱን አመልክቷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክትባት፣ የወባ መከላከያ አጎበርና የተቅማጥ ሕክምና በዘመቻና በጤና ኬላ አማካይነት ለብዙ ሕዝብ ሊዳረሱ ይችላሉ። በሰባተኛው ወር የተወለደን ሕፃን ግን ዘመቻ አያድነውም። የሚያድነው አጠገቡ ቆሞ አተነፋፈሱን፣ ሙቀቱንና የቆዳውን ቀለም ሰዓት በሰዓት የሚከታተል፣ ያየውን ለውጥ ትርጉም የሚያውቅና ወዲያው እርምጃ የሚወስድ የሠለጠነ ሰው ነው።

በኢትዮጵያ አምስት ሆስፒታሎች ተካሂዶ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው የሞቱ ሕፃናትን የሞት ምክንያት መርምሯል። ከመቶ 45 ያህሉ የሞቱት ሳንባቸው ባለመብሰሉ በተከሰተ የአተነፋፈስ ችግር፣ 30 ያህሉ በልክፈት፣ 14 ያህሉ ደግሞ በወሊድ ጊዜ በደረሰ መታፈን ነው። እነዚህ ሦስቱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚጀምሩ፣ ምልክታቸው ስስ የሆነ፣ በጊዜ ከተደረሰባቸው ግን ብዙዎቹ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሕፃን ማቃሰት ሲጀምርና የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ በመጀመሪያ የምታየው ነርሷ ናት። ጥያቄው ያየችውን እንድትወስንበት የሚያስችል ዕውቀትና ሥልጣን አላት ወይስ የላትም የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተሞከረው በመጀመሪያ በአሜሪካ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ነርሷ ሎሬታ ፎርድና ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነርሶች ሕፃናትን መርምረው ሕክምና እንዲሰጡ የሚያዘጋጅ ትምህርት ከፈቱ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጨቅላ ሕፃናት የተለዩ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሲስፋፉና ሐኪሞች ሲያንሱ፣ ይኸው ሐሳብ ወደ ጨቅላዎቹ ክፍል ተዛወረ። መጀመሪያ ላይ ሥልጠናው በየሆስፒታሉ የሚሰጥ የጥቂት ወራት ኮርስ ነበር፤ ኋላ ግን ኃላፊነቱ እየከበደ ስለሄደ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሆነ።

የሥልጠናው አወቃቀር ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ትኩረት የሚገባው ነው። አመልካቹ የነርስ የመጀመሪያ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ የተግባር ሥልጠናውን ከመጀመሩ በፊት በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል የሠራ እንዲሆን ይጠበቃል። ይህ ቅድመ ሁኔታ ለይስሙላ የተቀመጠ አይደለም፤ ጤናማውን ሕፃን በሺህ ጊዜ ያላየ ዓይን የታመመውን ለይቶ ማወቅ አይችልምና። ከዚያ በኋላ የበሽታ አመጣጥ ጥናት፣ የመድኃኒት ቅመማና አሠራር ጥናት እንዲሁም የአካል ምርመራ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው በድኅረ ምረቃ ደረጃ ይሰጣሉ። በአሜሪካ ቀደም ሲል በነበረው የትምህርት መመዘኛ መሠረት ሠልጣኙ ቢያንስ 600 ሰዓት በአሠልጣኝ ቅርብ ክትትል ሥር ከሕፃናቱ አልጋ አጠገብ ይሠራ ነበር።

የትምህርቱን ክብደት በምሳሌ ለማሳየት ያህል፣ 1,400 ግራም የሚመዝን ሕፃን ጄንታማይሲን የተባለው መድኃኒት በኪሎ 3 ሚሊግራም ታዘዘለት እንበል። የሚሰጠው መጠን 4.2 ሚሊግራም ነው። መድኃኒቱ ግን በአንዱ ብልቃጥ በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም፣ በሌላው ደግሞ 40 ሚሊግራም ሆኖ ይቀርባል። ከመጀመሪያው 0.42 ሚሊሊትር ይቀዳል፤ ከሁለተኛው ግን 0.1 ሚሊሊትር ገደማ ብቻ። ብልቃጡን ሳያነብ የመጀመሪያውን መጠን ከሁለተኛው የቀዳ ሰው ለሕፃኑ 16.8 ሚሊግራም፣ ማለትም አራት እጥፍ ሰጥቶታል፤ መድኃኒቱም ሲበዛ ኩላሊትንና መስማትን ይጎዳል። የአሥርዮሽ ነጥብና የተመጣጣኝነት ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ በፊት የሚሰጥ ትምህርት ነው። በድኅረ ምረቃ ክፍል ውስጥ ይህን እንደገና ማስተማር የሚቻል ቢሆንም ለሌላው ትምህርት የታሰበውን ጊዜ ይወስዳል።

ኦክስጅንም እንደዚሁ ነው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካና በአውሮፓ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ያለልክ ኦክስጅን ይሰጣቸው ስለነበር፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ዓይናቸው ጠፍቷል። መጠኑ ሲቀነስ ደግሞ ሌሎች በኦክስጅን እጦት ተጎዱ። ዛሬ ኦክስጅን ለሚሰጠው እንዲህ ያለ ሕፃን የደሙ የኦክስጅን ሙሌት ከመቶ 90 እስከ 95 እንዲሆን ይደረጋል። ነርሷ መለኪያውን ማንበብ ብቻ ሳይሆን፣ 99 የሚል ቁጥር ስታይ መደሰት እንደማይገባት ማወቅ አለባት።

ወደ ድሬዳዋ ስንመጣ ጉዳዩ የራሱ የሆነ መልክ ይኖረዋል። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡሩ ጋር የተቆረቆረች፣ በደቻቱ ወንዝ ከዚራና መጋላ ተብላ የተከፈለች ቆላ ከተማ ናት። ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች የከተማውን ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል አጎራባች ወረዳዎች የሚመጡትንም ያስተናግዳሉ። በእንዲህ ያለ ሞቃት አገር ሕፃን አይበርደውም የሚለው አስተሳሰብ በቀላሉ ሥር ይሰዳል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። እርጥብ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ላይ በሚተነው ውኃ የተነሳ በሙቅ ክፍል ውስጥም ሙቀቱን ያጣል። በሌላ በኩል በሞቃቱ ወራት በብዙ ጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ሙቀቱ ከ37.5 ዲግሪ ሲያልፍ ልክፈት ይሁን ወይስ የአየሩ ግለት መለየት ያስፈልጋል። አንዱ መድኃኒት ይሻል፤ ሌላው መጠቅለያውን መፍታትና የእናት ጡት። በደጋ ከተማ ብቻ የሠለጠነ ነርስ ይህን በመጽሐፍ ያውቀው ይሆናል እንጂ እጁ አልለመደውም።

የጉዞውም ነገር አለ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ደንገጎን ወጥቶ ወደ ደጋው የሚዘልቅ ሲሆን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛሉ። ሕፃን በአምቡላንስ ከቆላ ወደ ደጋ ሲላክ በመንገድ ላይ እንዳይበርደው ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ የእናቱ ደረት ነው። ቆዳን ከቆዳ ጋር በማገናኘት የሚደረገው ይህ እንክብካቤ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተጀምሮ፣ በአዲስ አበባም ከብዙ ዓመት በፊት ተሞክሮ ጥቅሙ በጥናት ታይቷል። በ2021 እ.ኤ.አ. በአምስት አገሮች የተካሄደ ሰፊ ጥናትም ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲጀመር ሞትን በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ነገር ግን ለእናቲቱ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ፣ በምትሰማው ቋንቋ፣ አሳምኖ የሚያስረዳት ካልተገኘ ሕፃኑን ከደረቷ ታወርደዋለች። የቋንቋ ችሎታ ስለዚህ በዚህ ሥልጠና ተጨማሪ ጌጥ አይደለም።

ነርስ እንዲህ ያለውን ኃላፊነት መሸከም ይችላልን የሚል ጥርጣሬ ቢነሳ፣ መልሱ ከኢትዮጵያ ታሪክ ውጪ መፈለግ የለበትም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን ያሠለጠነው ሐኪም በሌለበት እንዲወስኑ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ልምድ ያላቸው የጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ሠልጥነው እናትን በቀዶ ሕክምና እንዲያዋልዱ ተደርጓል። ይህ ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብና ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም የሥልጠናው ዲግሪና የሥራው ፈቃድ አንድ ላይ የታሰቡ ነበሩ። የነርስ ሁለተኛ ዲግሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው በመመረቂያ ጥናት ሲሆን፣ ምሩቁም ወደ ማስተማር ወይም ወደ አስተዳደር ይሄዳል። ከሕፃኑ አልጋ የተነሳች ጎበዝ ነርስ ዲግሪዋን ይዛ ወደ ቢሮ ከገባች፣ ትምህርቱ ክፍሉን አጉድሎታል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ምሩቋ ምን ማዘዝ፣ ምን መሥራትና መቼ ሐኪም መጥራት እንዳለባት፣ ደመወዟና የሥራ መደቧም ጭምር፣ የመጀመሪያው ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ትምህርት ስላለው፣ እንዲህ ያለ ሥልጠና ቢታሰብ የመማሪያ ክፍል ዋናው እንቅፋት አይሆንም። እንቅፋቱ አሠልጣኝ ነው። አሥር ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 600 ሰዓት ቢሠሩ 6,000 ሰዓት ክትትል ያስፈልጋል። አንድ አሠልጣኝ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 48 ሳምንት ቢሠራ የሚሸፍነው 1,920 ሰዓት ነው። ለአንድ ተማሪ አንድ አሠልጣኝ ይቁም ከተባለ፣ በዓመቱ ውስጥ ሌላ ሥራ የማይሰጣቸው ከሦስት በላይ ሰዎች ይፈለጋሉ ማለት ነው፤ ከሰዓቱም ከፊሉ በሌሊት ተራ መሆን አለበት።