የአምቦ ልጅ ሙዚየም ገብቶ ምን ይሥራ?

አዲስ አበባ ሙዚየም እያበዛች ነው። አንድነት ፓርክ በ2012፣ የሳይንስ ሙዚየም በ2015፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም ተከፍተዋል። ተማሪዎችም በአውቶቡስ እየመጡ ይጎበኛሉ፤ ተሰልፈው ይገባሉ፣ አስጎብኚውን ያዳምጣሉ፣ ፎቶ ተነሥተው ይወጣሉ። ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ የሚመጣ ልጅ ዕድል ቢቀናው እንኳ ድርሻው ከዚህ አያልፍም።

አሜሪካ ውስጥ ሙዚየሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ሥራ ማሠራት ከጀመሩ ቆይተዋል። ብዙ የኦሮሞ ተወላጆች በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ የሚገኘው ዎከር አርት ሴንተር ለልጆቹ ምክር ቤት አቋቁሞ ዝግጅቱን ራሳቸው እንዲያሰናዱ ፈቀደ። የኒውዮርኩ ዊትኒ፣ የሂዩስተንና የሎስ አንጀለስ ሙዚየሞችም ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 አራቱ ሙዚየሞች የቀድሞ ተሳታፊዎቻቸውን አስጠንተው የፕሮግራሙ ውጤት ለዓመታት እንደሚዘልቅ አስታወቁ። አስጠኚውም ተጠኚውም አንድ በመሆኑ እኔ ይህን ጥናት በግማሽ ልብ ነው የምቀበለው። ደግሞስ ሳይገፋ ሙዚየም የሚሄድ ልጅ ቀድሞውንም ጥበብ የሳበው አይደል?

ዋናው ክርክር ግን የገንዘብ ነው። ያለ ክፍያ ወራት የሚለማመድ ቤተሰቡ የሚችልለት ልጅ ብቻ ነው። የሰሜን አሜሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ተለማማጆች እንዲከፈላቸው አሳሰበ፤ በቀጣዩ ዓመት የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ከአንዲት በጎ አድራጊ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ለተለማማጆቹ ሁሉ እንደሚከፍል አስታወቀ። ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚመጣ የአምቦ ተማሪ ደግሞ ጥያቄው የደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ትራንስፖርቱ፣ ምሳው፣ ማደሪያው አለ።

እኛ ዘንድ ተለማማጅነት የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳይ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊ ያወጣል፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የሥነ ጥበብ ማዕከልም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ሕፃናትን የሚያስተምርበት ቦታ አለው፤ እኔ ከሁሉም እሱን እወዳለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን በመካከል ይቀራል።

ዕድሜው ስላልደረሰ ነው የሚል ካለ ባለቅኔውንና ጸሐፌ ተውኔቱን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያስታውስ። አምቦ አቅራቢያ ቦዳ ተወልዶ፣ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዳዮኒስስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ተውኔት ጻፈ፤ ተውኔቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየ። ያ ልጅ ያገኘው መድረክና ተመልካች ነው። ሥልጠናውና የውጭ አገር ቆይታው በኋላ የመጣ ነው።

አምቦ ባለችበት ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ተማሪዎችን ለሚያሠራ የሙዚየም ፕሮግራም ቶሎ ትዝ የሚለኝ አዲስ ዓለም ማርያም ነው። ምኒልክ ለቤተ መንግሥት ያሠሩት ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ቅርስ የሚታይበት ሙዚየምም አለው። የሆለታና የአዲስ ዓለም ልጆች ቅርስ መመዝገብን፣ ሥዕሎቹን እያዩ መንደፍን፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ማስጎብኘትን እዚያ ሊለማመዱ ይችላሉ። ችግሩ፣ በዞኑ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነው፤ ዋቄፈታና እስልምናም አለ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ብዙዎቹን ደጅ ያስቀራል። ስለዚህ እዚያው አምቦ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቢያስተናግደው ይሻላል፤ አዳራሽ አያጣም፣ ከአካባቢው ተማሪም በእግሩ የሚደርስ ብዙ ነው። ለምሳ የሚሆን በጀት ከተገኘ የክረምቱ ዕረፍት ለመጀመሪያው ዙር ይበቃል።